በዶሮ ላባና በአሮጌ ሹራብ የሚሠራ የዓሣ ዝንብ
(በካኩማ ካምፕ በእጅ ሥራ ክፍል ለተሰበሰቡ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



በማስታወቂያው ላይ «የዝንብ ሥራ» የሚል ስላዩ አንዳንዶቻችሁ የዝንብ ማጥፊያ ትምህርት መስሏችሁ እንደመጣችሁ በር ላይ ሰምቻለሁ። የዚያኛውን ዝንብ ነገር የጤና ሠራተኞች ያስረዷችኋል። እኔ የምናገረው በመንጠቆ ላይ ላባ፣ ጠጉርና ክር እየተጠመጠመ ስለሚሠራው፣ ዓሣውን «እውነተኛ ነፍሳት መጣልኝ» ብሎ እንዲጎርሰው ስለሚያታልለው ዝንብ ነው።

ለምን እዚህ፣ ውሃ በሌለበት አገር፣ ስለ ዓሣ ማጥመጃ ይወራል የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። ታራች ላጋ ዝናብ ሲጥል ይሞላል እንጂ በሌላው ጊዜ አሸዋ ነው። የቱርካና ሐይቅም ሎድዋርን አልፎ ነው። ስለዚህ ከዚህ ሥራ ለራት የሚሆን ዓሣ ይገኛል ብሎ የመጣ ካለ ከወዲሁ ይወቀው፤ አይገኝም። የመጣሁበት ምክንያት ሌላ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ በየብሎኩ አንድ ወሬ ይናፈሳል። «በናይሮቢ የዓሣ ዝንብ የሚሠራበት ድርጅት ሠራተኛ ይፈልጋል፤ መመዝገቢያ ክፈሉ» እየተባለ ከእናቶችና ከወጣቶች ገንዘብ እየተሰበሰበ ነው ይባላል። እኔ በእንደዚህ ዓይነት የሥራ ቤት በናይሮቢ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የቤቱን ስም አልጠራም። ሥራው ግን ምን እንደሆነና እንዳልሆነ፣ እጃችሁም ለሥራው ይስማማ እንደሆነ አንድ ሳንቲም ሳትከፍሉ እዚሁ በቤታችሁ ልትፈትኑት እንደምትችሉ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ዓሣው። ትራውት የሚባለው ዓሣ የሚኖረው በቀዝቃዛና በሚፈስ የተራራ ውሃ ነው። በኬንያ ከጥንት የነበረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1905 እንግሊዞች ከስኮትላንድ አምጥተው በአበርዴር ተራሮች ወንዝ ውስጥ ጨመሩት፤ በኬንያ ተራራ ዙሪያ ያሉት ወንዞችም በኋላ አገኙት። ወደ አገራችንም የመጣው ከኬንያ ነው። የባሌ ሰው እዚህ ካለ በዌብ ወንዝ የሚያጠምዱ ፈረንጆችን ሳያይ አይቀርም። ይህ ዓሣ ከሚበላው ውስጥ ዋናው የውሃ ነፍሳት ነው። እነዚህ ነፍሳት አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉት በውሃ ውስጥ፣ በድንጋይ ሥር፣ ክንፍ ሳይኖራቸው ነው። ክንፍ አውጥተው የሚበሩት ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ የዝንብ ሠሪው ሁለት ዓይነት ሥራ አለው፤ አንዱ በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን፣ ሌላው በውሃ ውስጥ የሚሰጥመውን መምሰል።

ሥራው የትናንት አይደለም። ከአንድ ሺህ ስምንት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ኤሊያን የሚባል ሮማዊ ጸሐፊ በመቄዶንያ፣ በቤርያና በተሰሎንቄ መካከል በሚፈስ ወንዝ ዳር ያለውን ጽፏል። የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሁሉ ሁለቱን ከተሞች ያውቃቸዋል። ዓሣዎቹ የሚወዱት አንድ ዝንብ ነበር፤ ነገር ግን ሰው እጅ ከነካው መልኩና ክንፉ ስለሚበላሽ በመንጠቆ ላይ ሊሰካ አልቻለም። አጥማጆቹም በመንጠቆው ላይ ቀይ ሱፍ ጠመጠሙ፣ ከአውራ ዶሮ ጉንጭ ሥር የበቀሉ ሰም የመሰሉ ሁለት ላባዎችም ጨመሩበት። ሱፍ፣ ላባ፣ ክር፤ ሌላ ነገር አልነበራቸውም። እኛም ዛሬ የያዝነው እሱኑ ነው።

ከሱቅ የሚገዛው ነገር ብዙ ስለሆነ ሰው ያለዚያ የማይሠራ ይመስለዋል። አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ፍራንክ ሶየር የሚባል በእንግሊዝ አገር በኤቨን ወንዝ ላይ የወንዝ ጠባቂ የነበረ ሰው ነበር። በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት ዝንቦች አንዱን የሠራው በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ በአንድ ወፍ የጅራት ላባና እንደ ፀጉር በቀጠነ የመዳብ ሽቦ። ክር እንኳ አልጨመረም፤ ሽቦው ክብደትም ማሰሪያም ሆነው። ይኸው ሰው ሌላ ዝንብ የሠራው የተቀደደ ካልሲ መጠገኛ ከሆነ ሱፍ ነው። የሱፉ ስም ቻድዊክ 477 ይባል ነበር። ፋብሪካው ማምረቱን ሲያቆም ዓሣ አጥማጆች በየአሮጌው ዕቃ መሸጫ እየዞሩ የቀረችውን የካልሲ መጠገኛ ክር በውድ ዋጋ ይፈልጓት ጀመር። እንግዲህ ከሚቱምባ ክምር ውስጥ የምታገኙትን ሹራብ አትናቁ።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ እንሂድ።

መንጠቆ ብቻ ነው መገዛት ያለበት። መንጠቆን ከሽቦ እንሥራ ያሉኝ ወጣቶች ነበሩ፤ ለመለማመጃ ይሆናል፣ ለዓሣ ግን ይቃናል ወይም ይሰበራል። የመንጠቆ ቁጥር ሲያድግ መንጠቆው እንደሚያንስ እወቁ፤ 14 ቁጥር ከ10 ቁጥር ያንሳል። ጀማሪ በ10 ይጀምር። የኖርዌዩ ሙስታድ በየዓሣ አጥማጁ ሱቅ ይገኛል። ገና ስትጀምሩ የመንጠቆውን ምላስ፣ ማለትም ወደ ኋላ የተቀለበሰውን ሹል፣ በፒንሳ ጨፍልቃችሁ አስተኙት። በቤት ልጆች አሉ፤ ምላስ የሌለው መንጠቆ እጅ ቢወጋም በቀላሉ ይወጣል። ምላስ ያለው ከገባ ግን ጎትታችሁ አታውጡ፣ ወደ ክሊኒክ ሂዱ።

መያዣውን በተመለከተ በሥራ ቤት ትንሽ ሞርሳ አለ። እኛ ፒንሳ እንወስዳለን፤ መንጠቆውን በኩርባው በኩል አስነክሰን እጀታውን ከአሮጌ ካላማዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ ጥብቅ አድርገን እንጠመጥመዋለን። ከዚያም ፒንሳውን በሌላ ላስቲክ ከጠረጴዛ ጠርዝ ወይም ከበርጩማ ጋር እናስራለን። ፒንሳም ከሌለ በግራ እጅ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ይያዛል። ሞርሳ ከመምጣቱ በፊት የድሮ ሰዎች ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚሠሩት። ያደክማል እንጂ ይቻላል።

ክሩ የልብስ ስፌት ክር ነው። ነገር ግን እንዳለ ከተጠቀማችሁበት ወፍራም ነው፤ የዝንቡ ጭንቅላት እንደ በርበሬ ፍሬ ያብጣል። የስፌት ክር ከሁለት ወይም ከሦስት ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ነው። ክንድ የሚያህል ቁረጡና ግመዱን በተቃራኒ እየፈታችሁ አንዱን ለዩት። ያ አንዱ ይበቃችኋል። ከዚያ ሰም ቀቡት። የሱቅ ሻማ ይንሸራተታል፣ አይጣበቅም፤ የማር ሰም ግን ይይዛል። የጧፍ ቁራጭ ከሁሉ ይሻላል። ከመቅደስ አውጡ ማለቴ ግን አይደለም፤ ቄሰ ገበዙን ጠይቁ።

ላባው ከዶሮ ነው። ዶሮ ስታርዱ የአንገቱን ላባ አትጣሉ፤ የአውራውንና የሴቷን ግን ለያይታችሁ አስቀምጡ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ጠንካራና የሚያብለጨልጭ ስለሆነ ውሃ አይጠጣም፣ ዝንቡን ያንሳፍፋል። የሴቷ ላባ ግን ለስላሳ ነው፤ ውሃ ይጠጣል፣ ይሰጥማል፣ በውሃም ውስጥ እንደ ነፍሳት እግር ይንቀሳቀሳል። ለጀማሪ የሴቷ ይቀላል። በኦሞ እጠቡት፣ በደንብ አለቅልቁት፣ በጥላ አድርቁት፣ ብል እንዳይገባውም ክዳን ባለው ጣሳ ዝጉበት። ቀለም ካስፈለገ ነጩን ላባ በሻይ ቅጠል ብትቀቅሉት ቡናማ ይሆናል፤ በእርድ ቢጫ ይሆናል። የእርዱ ግን ፀሐይ ላይ ከዋለ ይለቃል።

ሽቦው ከተበላሸ ሬዲዮ ወይም ትንሽ ሞተር ውስጥ የሚወጣው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። በጁዋ ካሊ ጠጋኞች ዘንድ ወለሉ ላይ ወድቆ ታገኙታላችሁ። ለማሸጊያ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም አንድ ጠብታ ይበቃል።

ስለ ላባ ሳወራ አንድ ነገር ሳላስጠነቅቅ አላልፍም። እዚህ ዙሪያ ጅግራና ቆቅ እናያለን፤ ላባቸው ለዝንብ እጅግ የተወደደ ነው። አትንኩት። በኬንያ ሕግ የዱር እንስሳትና የአካላቸውን ክፍል ያለ ፈቃድ መያዝና መሸጥ ወንጀል ነው፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። ስደተኛ በዚህ ጉዳይ ቢያዝ የሚደርስበትን ለእናንተ አልነግርም። የላባ ነገር ሰውን እንደሚያሳብድም እወቁ። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ አገር ትሪንግ በሚባል ከተማ ካለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም 299 የደረቁ ብርቅ ወፎች ተሰረቁ። የሰረቀው ዋሽንት ያጠና የነበረና ዝንብ መሥራት የሚወድ ወጣት ነበር፤ ላባቸው ለጌጠኛ የሳልሞን ዝንብ የሚፈለግ ስለሆነ ነው። ተይዞም ተፈረደበት። በናይሮቢ ቆሻሻ ላይ የሚቆመውን አባ ኮዳንም አስቡ። በዝንብ ሥራ «ማራቡ» የሚባለው እንደ ጭስ የሚውለበለብ ለስላሳ ላባ ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው፤ ዛሬ ግን በዚያ ስም የሚሸጠው የተርኪ ላባ ነው። እኛ ደግሞ ከዶሮ ላባ ግርጌ ያለውን ብናኝ መሰል ለስላሳ ክፍል በምትኩ እንጠቀማለን።

አሁን አሠራሩን ልብ ብላችሁ ስሙ። ከፊት ያላችሁ እጄን እዩ።

ክሩን ከመንጠቆው ዓይን በስተኋላ ጀምራችሁ፣ ክር በራሱ ላይ እንዲተኛ እያደረጋችሁ፣ ወደ ኩርባው ጠምጥሙ። ጥምጥሙ ጎን ለጎን ይሁን፤ እንደ ሸማኔ ድር ልቅም ያለ። ከኩርባው መጀመሪያ ላይ ስትደርሱ የአንድ ጣት ርዝመት ያለው ሽቦ አስገቡና በሁለት ሦስት ጥምጥም እሰሩት። ሽቦውን ለጊዜው ወደ ኋላ ተዉት። እጃችሁን ለማሳረፍ ስትፈልጉ ክሩ ላይ የልብስ መቆንጠጫ አንጠልጥሉ፤ በክብደቱ ወጥሮ ይይዘዋል።

ከዚያ የሹራቡ ሱፍ ነው። ክሩን ቆርጣችሁ አታስሩ፤ ሱፉን በጥፍራችሁ በጣጥሳችሁ እንደ ጥጥ አባዝቱት፣ ከዚያም በጣም ጥቂት ወስዳችሁ በሰም በተቀባው ክር ላይ በሁለት ጣት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያሽከረከራችሁ ፍተሉት። እዚህ ላይ ወጣቶቹ ሁሉ ይሸነፋሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ዐሥር ጊዜ ያህል ብቻ አይተው ከእኔ የተሻለ ፈተሉ። «እንዝርት የያዘ እጅ ይረሳል ወይ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ድርና ማግ የፈተለ ሰው ይህን ሥራ ግማሹን ያውቀዋል። ስሕተቱ ሁልጊዜ ሱፍ ማብዛት ነው፤ በቂ ነው ብላችሁ ካሰባችሁት ላይ ግማሹን ቀንሱ። የተፈተለው ከክብሪት እንጨት መቅጠን አለበት።

የተፈተለውን ወደ ዓይኑ አቅጣጫ ጠምጥሙ፤ ነገር ግን ዓይኑ ድረስ አትሂዱ። የዓይኑን ሁለት እጥፍ ያህል ባዶ ቦታ አስቀሩ። ይህን ቦታ ያላስቀረ ሰው ላባውን የሚያስርበት ያጣል፤ በመጨረሻም ዓይኑን በክር ይደፍነዋል፣ የመንጠቆ ናይለን አያስገባም፣ ዝንቡ ይጣላል። በሥራ ቤት ከሚመለሱት ዝንቦች አብዛኞቹ የሚመለሱት በዚህ ምክንያት ነው። ቀጥሎ ሽቦውን ከሱፉ በተቃራኒ አቅጣጫ አራት ወይም አምስት ጊዜ አዙሩና እሰሩት። በተቃራኒ የሚዞረው ሱፉ ውስጥ ሰምጦ እንዳይጠፋና የዓሣው ጥርስ ሱፉን እንዳይፈታው ነው። የቀረውን ሽቦ በመቀስ አትቁረጡ፤ ወዲያና ወዲህ ወዝውዙት፣ ራሱ ይሰበራል፣ መቀሳችሁም አይደነዝዝም።

አሁን የሴቷ ዶሮ ላባ። ጠጉሩ ከመንጠቆው አፍ ስፋት ትንሽ የሚበልጥ ላባ ምረጡ። ግርጌውን አጽዱ፣ ጫፉን ያዙና የቀረውን ጠጉር ወደ ኋላ ደባብሱት። በጫፉ በኩል እሰሩት፤ በጫፉ ሲታሰር አከርካሪው ቀጭን ስለሆነ እብጠት አይፈጥርም። ግርጌውን በመቆንጠጫ ይዛችሁ ሁለት ዙር አዙሩ። ሁለት ነው ያልኩት። ሦስት ካዞራችሁ መጥረጊያ ይሆናል እንጂ ነፍሳት አይሆንም። እሰሩት፣ ትርፉን ቁረጡ።

የመጨረሻው ቋጠሮ ነው። ቢክ እስክሪብቶ ውስጡን አውጡና ባዶውን ቀፎ ውሰዱ። በቀፎው ጫፍ ላይ ክሩን አንድ ቀለበት አዙሩ፣ የቀፎውን ቀዳዳ በመንጠቆው ዓይን ላይ አኑሩና ቀለበቱን ወደ ጭንቅላቱ አንሸራትታችሁ ሳቡ። አምስት ጊዜ ደጋግሙት። ክሩን በምላጭ ቁረጡ፣ በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም ጨምሩ፣ ዓይኑንም በዚያው መርፌ ክፈቱ። ይኸው ነው። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ይፈጅባችኋል፣ ያስቃልም። አትጣሉት፤ ምላጩን ይዛችሁ ፍቱትና መንጠቆውን ደግማችሁ ተጠቀሙበት።

አንድ ወንድሜ «ለቱርካና ሐይቅስ አይሆንም ወይ?» ብሎ ጠይቆኛል። ይሆናል፣ ግን ሌላ ዓይነት ነው። በሐይቁ ያለው ትልቁ የናይል ፐርች ዓሣ የሚበላ ዓሣ ነው። ለእርሱ የሚሠራው ጣት የሚያህል፣ በትልቅ መንጠቆ ላይ ረጅም የፍየል ጠጉር የታሰረበት፣ ትንሽ ዓሣ የሚመስል ነው። የፍየል ጠጉር በቱርካና አይቸግርም፤ ከሆዱ ያለው ነጩ ለሆድ፣ ከጀርባው ያለው ጥቁሩ ለጀርባ ይታሰራል። በሐይቁ ለማጥመድ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የአካባቢው አጥማጆችም ኑሯቸው እሱ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ፣ አብዛኛው ሰው የመጣው ለዚሁ ነውና። በኬንያ የዝንብ ሥራ እውነተኛ ሥራ ነው። ናይሮቢ ውስጥ የተሠራ ዝንብ ለብዙ ዓመታት ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ሲሸጥ ኖሯል፤ ከሠሪዎቹም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። እኔ በነበርኩበት ክፍያው በደርዘን ነበር። ደርዘን ማለት ዐሥራ ሁለት ቆንጆ ዝንቦች ማለት ሳይሆን ዐሥራ ሁለት መንትያ ዝንቦች ማለት ነው። አንዱ ጅራቱ ረዝሞ ከተገኘ ደርዘኑ ይመለሳል፣ የተመለሰ አይከፈልም። መንጠቆና ላባ የሚያቀርበው ቤቱ ነበር። ወደ ውጭ የሚላክ ላባ የጤና ቁጥጥር ስላለበት ከቤታችሁ ዶሮ የሠራችሁትን ማንም ኤክስፖርት አያደርግላችሁም። ላባው ራሱ ንግድ ነው፤ በአሜሪካ ለዚህ ብቻ ተብለው የሚረቡ አውራ ዶሮዎች አሉ። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ ሴቶች ረጃጅሙን የአውራ ዶሮ ላባ ፀጉራቸው ላይ መሰካት ፋሽን አድርገውት የዝንብ ሠሪዎች ሱቅ ባዶ ቀርቶ ነበር። ፀጉር የምትሠሩ እህቶች ይህን ሰምታችሁ ዶሮዎቻችንን እንዳትጨርሱብን።

እንግዲህ መመዝገቢያ የሚጠይቃችሁን ሰው ሦስት ነገር ጠይቁት። የሥራ ቤቱ አድራሻ የት ነው? በደርዘን ስንት ይከፍላል? ያለ ሥራ ፈቃድስ እንዴት ያሠራኛል? እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኬንያ የስደተኞች ሕግ የሥራን ነገር ቢያነሳም ፈቃዱን ማውጣት የግድ ነው፤ ከካምፕ ወጥቶ ለመሄድም የጉዞ ወረቀት ያስፈልጋል። ይህን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት እንጂ ደላላ አይደለም። እኔ ባወቅኩት የሥራ ቤት ዝንብ ሠሪ ሲቀጠር ገንዘብ አይከፍልም ነበር፤ ወንበር ላይ ይቀመጥና «ሥራ» ይባላል፣ እጁ ይታያል። ገንዘብ የከፈላችሁ ካላችሁ ደረሰኝ ቢኖርም ባይኖርም ለማኅበረሰብ ተጠሪዎቻችሁ ንገሩ፤ ዝም ካላችሁ ነገ ጎረቤታችሁን ያስከፍላል።

ከዚህ የሚገኘው ገቢ ቤተሰብ ያስተዳድራል ብዬ አላታልላችሁም። ዓይንም ይጎዳል፤ በኩራዝ ብርሃን አትሥሩ፣ ከጠዋቱ ብርሃን ጋር በር ላይ ተቀምጣችሁ ሥሩ፣ በየግማሽ ሰዓቱም ራቅ ያለ ነገር እዩ። ከአርባ ዓመት በላይ የሆናችሁ መነጽር ሳትይዙ አትሞክሩት። ነገር ግን ጣትን ቀጭን ሥራ ያለማምዳል፤ እኔ ያየኋቸው ጥሩ ዝንብ ሠሪዎች በኋላ ሞባይል ጠጋኝ፣ ሰዓት ጠጋኝ፣ ዶቃ ሠሪ ሆነዋል። ወደፊት ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ቢኖርም፣ በየትም ቢሆን ትራውት ባለበት ወንዝ አጠገብ ጥሩ ዝንብ የሚያስር ሰው ወዳጅ አያጣም።

ልምምዱ በሚቀጥለው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት በዚሁ ክፍል ይጀመራል። ዘጠኝ ማለቴ በእኛም በስዋሂሊም ዘጠኝ ነው፤ በእንግሊዝኛው ሰዓት የመጣ ሰው ጠዋት በሩን ተዘግቶ ያገኘዋል። መንጠቆ ለመጀመሪያው ቀን ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት እሰጣለሁ። እናንተ ፒንሳ፣ ትንሽ መቀስ፣ የስፌት ክርና የሹራብ ቁራጭ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። የሌላችሁ ባዶ እጃችሁን ኑ። ሕፃናትን ግን ለጎረቤት ትታችሁ ኑ፤ ወለሉ ላይ መንጠቆ ይወድቃል።